ከጎሃ ጽዮን ብርድ እስከ አባይ በረሃ፦ በሙቀት የሚለበስ የሞተር ልብስ አመራረጥ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጎሃ ጽዮን የሚነሣ ሞተረኛ የፍሬኑን እጀታ የሚጨብጠው በብርድ በደነዘዙ ጣቶች ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሶ አባይ ድልድይ ሲደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዷል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ ከ8 ዲግሪ በላይ ተጨምሮበታል። ረፋድ ላይ የገደሉ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ከድልድዩ ማዶ እንደገና ወደ ደጀን ሽቅብ ነው።

እዚህ መንገድ ላይ ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ በገመድ ያሰረ፣ በካናቴራ የሚነዳ ሰው ማየት የተለመደ ነው። መውደቂያው ደግሞ እዚያው ነው፤ የተጨማደደ አስፋልት፣ ከጭነት መኪና የፈሰሰ ናፍጣ፣ ኩርባው ላይ መስመር ስቶ የሚመጣ ተሳቢ። ያወለቀውን ሰው ከመውቀስ በፊት ግን ጃኬቱን ማየት ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ለፈረንጅ አገር ክረምት የተሰፋ፣ ገበሩ የማይነቀል፣ አየር የማያስገባ ልብስ ነው። በ36 ዲግሪ እሱን ለብሶ መንዳት በራሱ አደጋ ነው። የደከመና ውሃ የጠማው ነጂ ኩርባውን ዘግይቶ ያያል፣ ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል። ስለዚህ ለቆላ የሚሆን ልብስ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ “ቀትር ላይ ሳላወልቀው የምቆየው የቱ ነው?” የሚለው ነው።

ነፋስ የሚያቀዘቅዘው እስከ ስንት ዲግሪ ነው?

በሙቀት ጊዜ የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ሙቀት ከዚያ በታች ከሆነ ነፋስ ሁለት ሥራ ይሠራልናል፤ ከቆዳ ላይ ሙቀት ይወስዳል፣ ላብንም ያተናል። አየሩ ከ35 ሲያልፍ የመጀመሪያው ሥራ ይገለበጣል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመታን የ40 ዲግሪ ነፋስ፣ የዳቦ ቤት ምድጃ በር ሲከፈት ፊትን እንደሚገርፈው አየር፣ ሙቀት ይዞብን ይመጣል። ያኔ የሚቀረን ማቀዝቀዣ ላብ ብቻ ነው።

ላብ ደግሞ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ግራም ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ችግሩ በካናቴራ ወይም በጣም ክፍት በሆነ መረብ ጃኬት ሲነዱ ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሰውየው “አላላበኝም” ብሎ ማሰቡ ነው። አልቦታል፤ ላቡን ነፋስ ወስዶበት ነው። በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ በዚህ መንገድ ይሄዳል፣ ነጂው ግን ሸሚዙን ሲዳብስ ደረቅ ነው። ራስ ምታቱ ሲጀምር ነው የሚነቃው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል። አየሩ ከ35 በታች ሲሆን ልብሱ የቻለውን ያህል አየር ያስገባ። ከ35 ሲያልፍ ግን የአየር መግቢያ ዚፖቹ ይጠበቡ፣ ከውስጥ ያለው ልብስ በውሃ ይራስ። ጃኬቱ ያኔ እንደ ጥላ ሆኖ ይሠራል፤ ፀሐዩንም ትኩሱን ነፋስም ከቆዳ ያርቃል፣ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ ቀስ እያለ ይተናል።

ማርጠቡ እንዲህ ነው። የጥጥ ካናቴራ በውሃ ነክሮ እንዳይንጠባጠብ ያህል መጭመቅ፣ መልበስ፣ ከላይ ጃኬቱን ደርቦ የደረቱን ዚፕ እስከ አንገት መዝጋት፣ የእጅጌውን ጫፍና የአንገቱን ጥግ ብቻ ትንሽ ከፈት ማድረግ። አንድ ካናቴራ ተጨምቆ 300 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ያ ውሃ ሲተን 700 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይጠጣል። ሞተር የሚነዳ ሰው ሰውነት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያመነጨው ሙቀት ከ540 ኪሎ ጁል ብዙ አይርቅም። በሙሉ መረብ ጃኬት ሥር ያው ካናቴራ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሊደርቅ ይችላል፤ የአየሩ መግቢያ ሲጠብ ግን ሰዓት ገደማ ይቆያል። አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሰመራ በመሰሉ ደረቅ ቦታዎች ይህ ዘዴ እጅግ ይሠራል። ወበቅ ባለበት፣ ለምሳሌ ጋምቤላ በዝናብ ወራት፣ አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ትነቱ ይዘገያል፤ እዚያ የሚያዋጣው ክፍት መረብ፣ ዘገም ያለ ጉዞና የጠዋት ሰዓት ነው።

ጨርቁ፦ ሁለት ሰከንድ የሚችለው የቱ ነው?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳ የወደቀ ሰው በደረቅ አስፋልት ላይ 15 ሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ እስኪቆም ከሁለት ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ልብስ የሚፈተነው በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ነው። ተራ ጂንስ ሱሪ አንድ ሰከንድ ገደማ ላይ ይቀደዳል። ካናቴራ የሚባለው በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

በገበያ ላይ ለሙቀት ተብሎ የሚሸጠው መረብ ጃኬት በአብዛኛው ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ይሠራል። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ሁለቱም ይቀልጣሉ፤ እንደ ዓይነታቸው ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ባለው ውስጥ። በሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት እዚያ ሲደርስ ጨርቁ ከመበሳት አልፎ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሐኪም ቁስሉን ሲያጥብ የሚቸገረው በዚህ ነው። አራሚድ የሚባለው ክር፣ ኬቭላር በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው፣ አይቀልጥም። ስለዚህ መረቡ ፖሊስተር ቢሆንም መሬት ቀድሞ የሚነካው ቦታ ላይ አራሚድ፣ ቆዳ ወይም ወፍራም ናይለን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ጃኬቱን በብርሃን ፊት ዘርግተው ይመልከቱት። ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አንጓ ባለው የውጭ ጎን ላይ ብርሃን ካሳለፈ ያ ወንፊት ነው፣ ይመልሱት። በደንብ የተሠራው መረቡን የሚያደርገው ደረት ላይ፣ ጀርባ መሐል ላይና በእጅጌው የውስጥ ጎን ነው፤ ትከሻውና ክርኑ ድፍን ነው። ሱሪ ሲሆን ደግሞ ድፍን መሆን ያለበት መቀመጫው፣ የዳሌው ጎንና ጉልበቱ ነው።

የክሩን ውፍረት “ዴኒየር” በሚል ቁጥር ይጽፉታል፤ የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ማለት ነው። ቁጥሩ በራሱ ብዙ አይነግርም። 500 ዴኒየር የሆነ ጥሩ ናይለን፣ 600 ዴኒየር ከሆነ ተራ ፖሊስተር ይበልጥ ሰበቃ ይችላል። ሻጩ ቁጥር ብቻ ሲጠራልዎ “የምን ክር ነው?” ብለው ይጠይቁ።

ስፌቱን ማየት ከጨርቁ አያንስም። ልብስ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው መጋጠሚያው ላይ ነው። ቢያንስ አንዱ የስፌት መስመር ጨርቁ ከታጠፈበት ውስጥ የተደበቀ መሆን አለበት፤ ሁሉም ክር ውጭ ከታየ አስፋልቱ ክሩን ፈጭቶ ሁለቱን ቁራጭ ይለያያቸዋል። መጋጠሚያውን በሁለት እጅ ይዘው ጎተት ሲያደርጉት በክሮቹ መካከል ብርሃን ካዩ ላላ ተብሎ ተሰፍቷል።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር መባል አለበት፣ እኛ አገር ቆዳ ሞልቷልና። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስና ለስላሳ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። ያው ስስነቱ ግን ለሞተር ጃኬት አይሆንም። አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ የሚያማምሩት ጃኬቶች በአብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውፍረት አላቸው። ለሞተር የሚሠራ ቆዳ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙውን ጊዜም የከብት። “ቆዳ ነው” የሚለው መልስ ስለዚህ ምንም አይናገርም። ወፍራሙን ቆዳ ቢያገኙ እንኳ፣ የተበሳሳ ካልሆነ በቀር ከተማ ውስጥ መብራት ላይ እየቆሙ ለሚነዱ በ35 ዲግሪ የሚቻል አይደለም። ለሎጂስቲክስ፣ ለዕቃ ማድረስና ለዕለት ጉዞ፣ ድፍን ክርን ያለው መረብ ይሻላል።

ምልክቱን ማንበብ

በአውሮፓ ገበያ የሚሸጥ የሞተር ልብስ ከ2020 ወዲህ ኢኤን 17092 በተባለው ደረጃ ይመዘናል። ከውስጥ በተሰፋው ጨርቅ ላይ ትንሽ የሞተረኛ ሥዕልና ከሥሩ ፊደል አለ፦ ሦስት ኤ፣ ሁለት ኤ፣ አንድ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ። መሬት አብዝቶ የሚነካው ክፍል በሦስት ኤ ልብስ ላይ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መንሸራተትን በሚመስል ማሽን ይፈተናል፤ በሁለት ኤ በ70፣ በአንድ ኤ በ45። ቢ ሰበቃው እንደ አንድ ኤ ሆኖ የግጭት ፓድ፣ ማለትም ሲወድቁ ምቱን የሚያበርድ ትራስ፣ የሌለው ነው። ሲ ደግሞ ፓድ ለመያዝ ብቻ የተሠራ ስስ ሸሚዝ ነው፣ ሰበቃ አይችልም፤ ከላዩ ሌላ ጠንካራ ልብስ ይፈልጋል።

ለቆላ የሚሸጡ አብዛኞቹ መረብ ጃኬቶች አንድ ኤ ናቸው። ይህ ለከተማ ፍጥነት ይበቃል፣ ለረጅም መንገድ ግን ሁለት ኤ የሆነ መረብ መፈለጉ ገንዘቡን ያወጣል። ሦስት ኤ በአብዛኛው ወፍራም ቆዳ ቢሆንም፣ ጠንካራ ክር የተሸመነበት፣ ሌላ ጨርቅ ያልተደረበበት ጂንስ ሱሪ በዚያ ደረጃ ይገኛል፤ ለሱሪ ጥሩ ምርጫ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ አለ። ጃኬቱ ላይ በትልቁ “የሲኢ ፓድ ያለው” ተብሎ ይጻፋል፤ ሲኢ የአውሮፓን ደንብ ማሟላትን የሚያሳይ ምልክት ነው። እውነት ነው፣ ፓዱ ተፈትኗል። ጃኬቱ ግን አልተፈተነም ይሆናል። የልብሱ ፊደል ከላይ ያልነው የተሰፋ ጨርቅ ላይ ከሌለ፣ የተመሰከረለት ኪሱ ውስጥ ያለው ፓድ ብቻ ነው።

በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የመንግሥት ተቋማት የሚደገፈውና በ2018 የተጀመረው ሞቶካፕ የሚባል ምዘና ጃኬት፣ ሱሪና ጓንት ከገበያ ገዝቶ ይፈትናል፤ ለመከላከል አቅሙና በሙቀት ለሚሰጠው ምቾት ለየብቻ ኮከብ ይሰጣል፤ ውጤቱንም በነፃ ይፋ ያደርጋል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ “ይህን ላክልኝ” ከማለት በፊት የልብሱን ስም እዚያ መፈለግ ጥሩ ነው። ዋጋ ከጥራት ጋር ሁልጊዜ አብሮ እንደማይሄድ እዚያው ይታያል።

ፓዱ በሙቀት ይለወጣል

የትከሻ፣ የክርን፣ የዳሌና የጉልበት ፓድ ደረጃው ኢኤን 1621-1 ነው። 50 ጁል ጉልበት ያለው ብረት ይጣልበትና ወደ ውስጥ ያሳለፈው ኃይል ይለካል። ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን ማሳለፍ ይፈቀድለታል፣ ደረጃ 2 እስከ 20። ትንሹ ቁጥር የተሻለው ነው። ለጀርባ ሌላ መለኪያ አለ፣ ኢኤን 1621-2፦ ደረጃ 1 እስከ 18፣ ደረጃ 2 እስከ 9 ኪሎ ኒውተን።

ለቆላ ነጂ ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን ትንሿ ናት፦ ቲ የምትል ፊደልና የመደመር ምልክት። ፓዱ በ40 ዲግሪ ሞቆ ተመትቶ አልፏል ማለት ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ፓድ ለስላሳ ሆኖ ሲመታ የሚጠነክር ጎማ መሰል ነገር ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ደግሞ ሲሞቅ እየላላ፣ ሲበርድ እየደረቀ ይሄዳል። የመደመሩ ምልክት የሌለው ፓድ የተፈተነው በክፍል ሙቀት ነው፣ ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ቀትር ምን እንደሚሆን ማንም አልለካውም። ምልክቱ ያለበትም ቢሆን ጥቁር ጃኬት ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ወንበር ላይ ተጥሎ ከዋለ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ጥላ ውስጥ መስቀሉ ለምቾት ብቻ አይደለም።

ፓዱን ከኪሱ አውጥተው ያገላብጡት። ደረጃው፣ ቦታውና ምልክቱ በራሱ አካል ላይ ተቀርጾ መታየት አለበት። የቦታው ፊደል ኤስ ለትከሻ፣ ኢ ለክርን፣ ኤች ለዳሌ፣ ኬ ለጉልበት ነው። ምንም ያልተጻፈበት ሆኖ በሁለት ጣት ሲጫኑት ጣቶችዎ የሚነካኩ ከሆነ የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ርካሽ ጃኬቶች ከጀርባ የሚያስቀምጡት ሁሉ ማለት ይቻላል ይኸው ነው፤ ኪሱን ለክቶ እውነተኛ የጀርባ ፓድ ለብቻ መግዛት ይቻላል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ፣ ጀርባ በላብ ቀድሞ የሚርሰው ድፍን ፓድ ሥር ነው።

ልክ

መረብ ጃኬት “ለአየር እንዲመች” ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል። ስሕተት ነው። ሰፊ ጃኬት በነፋስ ይርገበገባል፤ ሲወድቁ ደግሞ እጅጌው ይዞርና ክርን ላይ የነበረው ፓድ ክንድ ሥር ይገባል፣ ክርኑ ባዶውን ይቀራል።

ሱቅ ውስጥ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው፣ መሪ እንደያዘ ሰው እጅን ዘርግተው ይለኩ። የክርኑ አጥንት ፓዱ መሐል ላይ መሆን አለበት። በሌላው እጅ ፓዱን ይዘው ዙሪያውን ለማዞር ይሞክሩ፤ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ክንድ ላይ ያለው ማጥበቂያ አላዳነውም፣ ትንሹን ቁጥር ይጠይቁ። ከኋላ ሰው ጃኬቱን ወደ ላይ ይጎትትልዎ። ወገብዎ ከተራቆተ፣ ጃኬቱን ከሱሪው ጋር የሚያያይዝ ዚፕ ያለው መግዛት ወይም ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማሰፋት ያስፈልጋል። ሱሪውን ሲለኩም ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ነው፤ ቆመው ልክ የነበረው የጉልበት ፓድ ሲቀመጡ ወደ ጭን ይሸሻል፣ ኪሱ ወደታች የሚስተካከል ካልሆነ በቀር።

ከሥር የሚለበሰው ቀጭን ባለ ረጅም እጅጌ ይሁን። ራቁት ክንድ ከላብ ጋር ሲሆን ከገበሩ ጋር ይጣበቃል፣ ማውለቅ ያታግላል፣ ቆዳ ይልጣል። ባለ ረጅም እጅጌው ልብስ በቆዳና በገበር መካከል አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። ቀለሙ የውጩ ነጣ ያለ ቢሆን ለፀሐዩም ለመታየትም ይረዳል። አቧራው ያስታውቃል፣ ይታጠባል።

እጅ፣ እግር፣ ራስ

ሲወድቅ እጁን የማይዘረጋ የለም። ለሙቀት የሚሆነው ጓንት መዳፉ ቆዳ፣ የላዩ መረብ፣ ጉልጥምቱ ላይ ጠጣር መሸፈኛ ያለው አጭር ጓንት ነው። ደረጃው ኢኤን 13594 ነው፤ ኬፒ የሚሉት ሁለት ፊደላት የጉልጥምቱ መሸፈኛ ተፈትኗል ማለት ናቸው። አንጓ ላይ ማሰሪያ የሌለው ጓንት ጓንት አይደለም፤ አስረው በሌላው እጅ ጣቶቹን ይዘው ይጎትቱ፣ ከወጣ አስፋልቱም ያወጣዋል። ገበር ያለው ጓንት በላበ እጅ ሲወልቅ ገበሩ ከጣቶቹ አብሮ ይገለበጥና መልሶ ማስገባት አሳር ነው፤ ለቆላ ገበር አልባውን ይግዙ።

ነጠላ ጫማና ሰንደል ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁርጭምጭሚት ሞተሩ ሥር ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። የሞተር ቡት ደረጃው ኢኤን 13634 ነው። እሱ ካልተገኘ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ በእጅ የማይጣመም፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የሚደበቅ የሥራ ቡት። የተንጠለጠለ ገመድ ማርሽ ላይ ይጠመጠማል። ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው ጫማ ለቆላ አይሆንም፣ ውሃ የከለከለው ያው ሽፋን የእግሩንም ላብ ያፍናል። ቁምጣ ለብሶ ማርሚታ የነካው ባት ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሄልሜት በሙቀት ጊዜ ግማሹ ይመረጣል፣ ፊት ስለሚከፍት። ዋጋው አገጭና ጥርስ ነው። ሙሉውን ከአየር መግቢያ ጋር ይምረጡ፤ ግንባር ላይ የሚገባው አየር ከኋላ መውጫ ከሌለው ቀዳዳው ጌጥ ነው። ማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ ኢ የሚል ፊደል ያለበት ጨርቅ አለ፤ ከጎኑ ያለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ በአዲሱ 22.06 ደንብ፣ በ05 ከጀመረ በቀድሞው ነው የተፈተነው። የውስጡ ነጭ አረፋ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፦ ቤንዚንና የጋለ ብረት። ሄልሜቱን ማርሚታ ወይም ሞተር ላይ አያስቀምጡት፣ አረፋው ይኮማተራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ጥቁር መስታወት ለቀን ብቻ ነው።

ሁሉንም በአንዴ መግዛት ለማይችል

አብዛኛው ሰው አይችልም። ቅደም ተከተሉ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ከዚያ የጉልበትና የክርን ፓድ፣ ከዚያ ጃኬት፣ መጨረሻ ሱሪ ቢሆን ብለን እንመክራለን። የጉልበትና የክርን ፓድ ከላይ በማሰሪያ የሚታሰረው ዓይነት ለሜዳ ውድድር የሚሠራ ነው፣ ኢኤን 1621-1 የተጻፈበት አለ፣ ለሙቀትም የሚሻለው የለም።

ሳልባጅ ውስጥ እውነተኛ የሞተር ጃኬት አልፎ አልፎ ይገኛል። ሲያገኙ ክርኑና ትከሻው ላይ መፈተግ ካለ አንዴ ወድቋል፣ ይተዉት። ቆዳ ከሆነ አጥፈው ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቀ ደርቋል፣ እንደ ቀለም ከተላጠ መጀመሪያውኑ ቆዳ አልነበረም። ፓዶቹ ብዙ ጊዜ ወጥተው ተሸጠዋል፣ ኪሶቹን ይዳብሱ።

ልብስ ሰፊ የሚችለውና የማይችለው አለ። ወፍራም ሸራ ጃኬት ላይ የፓድ ኪስ መስፋት፣ ወገብ ላይ ማያያዣ ዚፕ መጨመር፣ ክንድ ላይ ማጥበቂያ ማድረግ ይችላል። ክሩ ግን የጥጥ አይሁን፣ ወፍራም የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ይዘው ይሂዱለት፤ መጋጠሚያውንም አጥፎ ሁለት ጊዜ እንዲሰፋው ይንገሩት። የተገኘው ልብስ የተመሰከረለት አይደለም፣ ከካናቴራ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ወደ አባይ ስንመለስ

ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ለሚያቋርጥ ሰው ሁለት ጃኬት አያስፈልገውም። መረቡ አንድ፣ ከእሱ ጋር ተጣጥፎ ጡጫ የሚያህል ነፋስና ዝናብ መከላከያ ስስ ካፖርት። ጎሃ ጽዮን ላይ ስሱን ከመረቡ ሥር ይለብሱታል፣ ነፋሱ ይቆማል። ቁልቁለቱ መሐል ላይ፣ ላብ ሳይጀምር፣ ቆም ብሎ ማውለቅ። ከታች ካናቴራውን ማርጠብ። ደጀን ሽቅብ ሲጀመር እርጥቡን ካናቴራ በደረቅ መለወጥ አይረሳ፤ ከላይ ያለው ነፋስ እርጥብ ሰውነት ሲያገኝ ያንቀጠቅጣል። ዝናብ ሲመጣ ስሱ ከመረቡ በላይ ይለበሳል፣ ስለዚህ ሲገዛ ጃኬት ደርቦ ይለካ። ውሃ የማያስገባ ገበር የተሰፋበትን ባለ ሁለት ወቅት ጃኬት ሻጮች ይወዱታል። በሙቀት ያፍናል፣ በዝናብ ደግሞ የውጩ ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።

ውሃ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ፣ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር። ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚያልበው ሰው ውሃ ብቻ አይበቃም፤ ፋርማሲ የሚሸጠው ኦአርኤስ፣ ወይም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልኩን ሳይጨምሩ፣ ሁሉም ማንኪያ ለጥ ያለ። የጡንቻ መኮማተር፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጡ ጥላ ፈልጎ መቆም ነው። አብሮ የሚጓዝ ሰው ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም መንገድ ከጠፋበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ይሆናል። ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ እንጂ እስኪሻለው መጠበቅ የለም።

ቤት ሲገባ ጃኬቱ ላይ ነጭ የጨው መስመር ይታያል። ላቡ ሲደርቅ የቀረው ነው፤ ዚፑን ያዝገዋል፣ ገበሩን ያሻክረዋል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣል። ፓዶቹን ሁሉ አውጥቶ፣ ዚፕና ማጣበቂያውን ዘግቶ፣ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና በእጅ ማጠብ፣ በረኪና አለመንካት፣ ጥላ ላይ መስቀል። ፓዶቹን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው። ከማውጣትዎ በፊት ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ተገልብጦ የገባ የክርን ፓድ ጠባቡ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀራል፣ ለባሹም ጠዋት ተቻኩሎ ሲወጣ አያስተውለውም።